ሜካፕ ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ሜካፕ ፊት ላይ ሲበላሽ የብዙ ሰው እጅ ወዲያው የሚሄደው ወደ ፓውደሩ ወይም ወደ ፋውንዴሽኑ ነው፤ በተበላሸው ላይ ሌላ ይጨመርበታል። ነገር ግን የሚታየው ጉድለት በአብዛኛው የሚመነጨው ከላይኛው ሽፋን ሳይሆን ከሥር ካለው የቆዳ ሁኔታ፣ አንዱ በሌላው ላይ ከተቀቡት ነገሮች አለመስማማት፣ ወይም ሥራው ከተሠራበት ብርሃን ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ምልክቱን በትክክል መለየት፣ ቀጥሎ ምክንያቱን መፈለግ፣ መፍትሄውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ማምጣት ያዋጣል። ለዕለት ተዕለት ሜካፕ የሚሠራው ምርመራ ለሙሽራም ይሠራል፤ ልዩነቱ የሙሽራዋ ሜካፕ ቀኑን ሙሉ ላብን፣ እንባን፣ እቅፍንና የካሜራ ፍላሽን መቋቋም ያለበት መሆኑ ነው።

ፊቱ አመዳም ወይም ግራጫ መስሎ ሲታይ

ይህ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት የሚያጋጥም ችግር ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ ስላልሆነ፣ አመዱ የታየው በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ፋውንዴሽኑ እንደተቀባ ወዲያው ከታየ ስህተቱ ያለው በቀለም ምርጫው ላይ ነው። ፋውንዴሽን የመሸፈን አቅሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባለው ነጭ የማዕድን ቀለም በመሆኑ፣ ከቆዳው የፈካ ፋውንዴሽን ሲመረጥ ፊቱ ላይ የሚጨመረው ብሩህነት ሳይሆን ነጭነት ነው፤ ነጭነት ደግሞ በጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግራጫ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ፋውንዴሽኑ በጥቁረቱ መጠን ትክክል ሆኖ ሳለ ፊቱ ሕይወት ያጣል። ይህ የሚሆነው የሜካፕ ባለሙያዎች አንደርቶን የሚሉት፣ ከቆዳ ሥር የሚያንጸባርቀው ቀለም ሳይገናዘብ ሲቀር ነው፤ ወርቃማ ገጽታ ባለው ቆዳ ላይ ሮዝማ ፋውንዴሽን የተቀባ እንደሆነ ሁለቱ ቀለሞች ይጣላሉ።

መፍትሄው ቀለሙን በእጅ ጀርባ ላይ መሞከርን ትቶ፣ ሦስት ተቀራራቢ ቀለሞችን ከመንጋጋ እስከ አንገት በቀጭኑ አስምሮ በመስኮት ብርሃን መመልከት ነው፤ ከቆዳው ጋር ተዋህዶ የሚጠፋው መስመር ትክክለኛው ቀለም ነው። የብዙ ሰው ግንባርና የአፍ ዙሪያ ከጉንጩ ይልቅ ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ ሁለት ቀለም ይዞ፣ ፈካ ያለውን መሀል ላይ፣ ጠቆር ያለውን ዳር ዳር ላይ መቀባት ፊቱን በአንድ ቀለም ለጥ አድርጎ ከመሸፈን እጅግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

አመዱ የታየው ከፓውደር በኋላ ከሆነ ፋውንዴሽኑን መንካት አያስፈልግም። ቀለም አልባ ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ፓውደር በጥቁር ቆዳ ላይ ቀለም አልባ አይደለም፤ ቢጫማ፣ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ቅልም ባለው ፓውደር መተካት አለበት። አመዱ የታየው ዓይን ሥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የጠቆረውን ቦታ በፈካ ኮንሲለር (ጥቁረትንና እንከንን መሸፈኛ ቅባት) በቀጥታ መሸፈን ነው። ሰማያዊና ሐምራዊ ጥላን የሚሽረው ተቃራኒው ቀለም ስለሆነ፣ በጠይም ቆዳ ላይ በመጀመሪያ ብርቱካንማ፣ በጣም በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ቀላ ያለ ማስተካከያ በጥቂቱ ተቀብቶ፣ ኮንሲለሩ ከዚያ በላይ በስሱ ይደረጋል።

ሙሽሮች «ትንሽ ቀላ አድርጉኝ» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው፤ የአመዳም ፊት ትልቁ ምንጭም በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ነው። አንገቱና እጁ ያልፈካ ሰው ፊቱ ብቻ ሲፈካ በፎቶ ላይ የሚታየው ፊቱ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። ልዩነቱን ለማጥፋት በሚል ከሠርጉ በፊት ቆዳ የሚያፈካ ክሬም መጀመር ደግሞ ችግሩን ወደ ጤና ጉዳይ ያሸጋግረዋል፤ ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ይዘው ተገኝተዋል። ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሚሊዮን እጅ 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያላቸው የቆዳ ማፍኪያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠዋት ትክክል የነበረው ፋውንዴሽን ከሰዓት በኋላ ሲጠቁር

ፋውንዴሽኑ በተቀባበት ጊዜ የሚታየው ቀለም የመጨረሻው ቀለም አይደለም። በውስጡ ያሉት ተናኝ ፈሳሾች ሲተኑና የቀለም ቅንጣቶቹ በቆዳ ወዝ ሲርሱ ቀለሙ ይጠልቃል፤ አንዳንዴም ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ወዛም ቆዳ ላይ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ አዲስ ፋውንዴሽን ሲመርጡ መንጋጋ ላይ ቀብተው ቢያንስ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቆዩ አይወስኑ። የተገዛው ፋውንዴሽን ይህ ጠባይ ካለው ሁለት አማራጭ አለ፤ ወዝ የሚቆጣጠር ፕራይመር (ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባ መሠረት) ከሥር ማድረግ፣ ወይም በግማሽ ደረጃ ፈካ ያለውን መምረጥ። በሁለተኛው መንገድ ሲሄዱ ከላይ የተነገረው የአመድ ጉዳይ እንዳይመጣ በጥቂቱ መሞከር ያስፈልጋል።

ፊት በመስታወት ያምራል፣ በፎቶ ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል

ሠርግ ላይ ከሚደርሱት ሁሉ የሚያናድደው ይህ ነው፤ የሚታወቀው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነውና። ፍላሽ ብርሃኑን ከፊት ለፊት ይረጫል። ሲሊካ በብዛት ያለባቸው በጣም ደቃቅ ነጭ ፓውደሮች፣ እንዲሁም ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው የፀሐይ መከላከያዎች ያንን ብርሃን ወደ ካሜራው መልሰው ይበትኑታል። በዓይን የማይታየው ስስ ሽፋን በፎቶ ላይ ከዓይን ሥር፣ ከአፍንጫና ከግንባር ላይ እንደ ነጭ ልጥፍ ይወጣል።

መፍትሄው ምርቱን በስሙ ማመን ሳይሆን መፈተን ነው። ሜካፑ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ ፍላሽ ከቅርብና ከራቅ ብሎ ፎቶ ማንሳት በቂ ነው። ነጭነት ከታየ ንጹሕና ደረቅ ብሩሽ ይዘው ትርፍ ፓውደሩን ያራግፉ፤ የቀረውን በጥቂት ቅልም ባለው ፓውደር ይሸፍኑት። ምሽት ላይ ቤት ውስጥ ለሚደረግ ድግስ የፀሐይ መከላከያ አያስፈልግም፤ ቀን ከቤት ውጭ ለሚሆን ሥነ ሥርዓት ግን ነጭ ማዕድን የሌለበትን ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

የፎቶ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ፍላሽ የፊትን ጥላ ስለሚያጠፋ ብላሹና የጉንጭ ቅርጽ ማውጫው በመስታወት ትንሽ የበዛ በሚመስል መጠን ቢሆን ፎቶው ላይ ልክ ይመጣል። የዕለት ተዕለት ሜካፕ በተቃራኒው በቀን ብርሃን ስለሚታይ ግማሹ ይበቃዋል። ሥራው በቢጫ አምፖል ሥር ከተሠራ ሁለቱንም መገመት አይቻልም፤ ከ5000 እስከ 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ባለው ነጭ ብርሃን ወይም በመስኮት አጠገብ መሥራት የግድ ነው።

ሜካፑ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ሲነሳ

እዚህ ላይ ፋውንዴሽኑ ይወቀሳል፤ ጥፋተኛው ግን በአብዛኛው ከሥሩ ያለው ነው። ምክንያቶቹ ክሬሙ ወይም የፀሐይ መከላከያው ሳይዋጥ ቀጣዩን መቀባት፣ ብዙ ንብርብር ማብዛት፣ እና በሲሊኮን የተሠራን ነገር በውኃ ከተሠራ ጋር ማደራረብ ናቸው። የምርቱ የይዘት ዝርዝር መጀመሪያ አካባቢ ዳይሜቲኮን ወይም በሲሎክሴን የሚያልቅ ስም ካለ ምርቱ ሲሊኮናዊ ነው። ፕራይመሩና ፋውንዴሽኑ ከአንድ ወገን ቢሆኑ ይመረጣል።

አንድ ጊዜ መንከባለል ከጀመረ በላዩ መቀባት ያባብሰዋል። ያንን ቦታ ብቻ በእርጥብ ጥጥ አንስቶ፣ ክሬም በስሱ ቀብቶ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ፋውንዴሽኑን በእርጥብ ስፖንጅ እየጫኑ መመለስ ነው። ማሸት የለም፤ መጫን ብቻ።

ሲሰነጣጠቅ፣ ሲቆለልና መስመር ሲሠራ

ጉንጭ ላይ ቅርፊት ከታየ ቆዳው ደርቋል ማለት ነው፤ የሞተውን የቆዳ ሽፋን ማንሳትም ከሠርጉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት በለስላሳ መንገድ እንጂ በዕለቱ ጠዋት አይደረግም፤ የተፋቀ ቆዳ ይቀላል፣ ፋውንዴሽንም አይቀበልም። ወዛም ቆዳ ያላቸው ሰዎች ክሬም መቀባት አያስፈልገንም ብለው ሲተዉ ደግሞ ፊታቸው ከላይ እየወዛ ከሥር ይደርቃል፤ ፋውንዴሽኑም ደረቁ ላይ እየተያዘ፣ ወዙ ላይ እየተንሸራተተ ዥጉርጉር ይሆናል። ለእነርሱ ቅባት የሌለበት ቀላል እርጥበት ሰጪ ይበቃል።

ዓይን ሥር መስመር መሥራት የሚመጣው ከብዛት ነው። ወፍራም የዓይን ክሬም፣ ወፍራም ኮንሲለርና ብዙ ፓውደር በሚታጠፍ ቆዳ ላይ ሲደራረቡ ቆዳው ሲታጠፍ አብረው ይታጠፋሉ። ኮንሲለሩን ከዓይን ውስጠኛ ጥግና ከውጭኛው ጥግ ላይ ብቻ በነጠብጣብ አድርገው ወደ መሀል ያዋህዱት፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው የተሰበሰበውን መስመር በጣት መታ መታ አድርገው ካሰራጩ በኋላ፣ ወዲያው በትንሽ ፓውደር ያጽኑት። ከፓውደር በፊት ያልተስተካከለ መስመር ከፓውደር በኋላ አይስተካከልም።

ሽፋሽፍቱ ሲነሳ፣ ማስካራው ሲወርድ

አርቴፊሻል ሽፋሽፍት በጥጉ በኩል የሚነሳው ከዓይን ሽፋኑ ርዝመት በላይ ሲሆን፣ ሽፋኑ ወዝ ሲኖረው፣ ወይም ማጣበቂያው ፈሳሽ እያለ ሲለጠፍ ነው። ሽፋሽፍቱን ዓይን ላይ ለክተው ትርፉን ከውጭኛው ጫፍ ይቁረጡ፤ ማጣበቂያውን ቀብተው ከ30 እስከ 45 ሰከንድ እስኪጠብቅ ድረስ ይታገሱ፤ ከዚያ መሀሉን አስቀድመው፣ ጥጎቹን አስከትለው ይለጥፉ። ብዙ ማጣበቂያዎች ላቴክስ ስላለባቸው ለላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ነጻ የሆነውን መጠየቅ አለበት።

ማስካራ ዓይን ሥር የሚያጠቁረው በእንባ ብቻ ሳይሆን በቅባትም ነው። ውኃ የማይበግረው ማስካራ እንባን ሲችል ቅባት ግን ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ዓይን ሥር ቅባታማ ክሬም ያደረገች ሙሽራ ሳታለቅስም ልታጠቁር ትችላለች። ለዕለት ተዕለት የሚሻለው እያንዳንዱን ሽፋሽፍት በቀጭን ፖሊመር የሚያለብስና በሞቀ ውኃ ተንሸራቶ የሚወጣ ማስካራ ነው፤ ውኃ የማይበግረውን በየቀኑ ለማስለቀቅ የሚደረገው ፍትጊያ ሽፋሽፍትን ይነቅላል። እንባ ሲመጣ አይጠረግም። የታጠፈ ሶፍት ጫፍ ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር ተደግፎ፣ እንባው ጉንጭ ሳይነካ እንዲመጠጥ ይደረጋል፤ ይህን ሚዜዋ አስቀድማ ብታውቅ ጥሩ ነው።

ዓይን ከቀላ ወይም ካሳከከ ግን ማስተካከያ ሳይፈለግ ሁሉም ይታጠባል። ማስካራ ከተከፈተ ከ3 ወር በኋላ መጣል አለበት። በባህላዊ መንገድ ከሚዘጋጁ ኩሎች አንዳንዶቹ ጋሌና ከሚባል የእርሳስ ማዕድን ስለሚሠሩ፣ ይዘቱ ያልታወቀ ኩል ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም።

ቀሚስ ላይ ሲለቅ

አንገትና ደረት ላይ የሚቀባው ፋውንዴሽን ከፊት ይልቅ በጣም ይሳሳ፤ ቀሚሱ ከሚነካው መስመር ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቁም። ሜካፕ ሲሠራ ከፊት የሚቆለፍ ልብስ መልበስ በራስ ላይ የሚወልቅ ልብስ የሚያደርሰውን ጥፋት ያስቀራል።

ከሠርጉ በፊት ባሉት ቀናት ቡግር ወይም ሽፍታ ሲወጣ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የተጀመረ አዲስ ነገር ነው፤ ማስክ፣ የፊት ሕክምና፣ ሴረም። ማንኛውም አዲስ ምርት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 እስከ 10 ቀን ሳይሞከር ፊት ላይ አይውልም። ሬቲኖል (ቆዳን ለማደስ የሚቀባ የቫይታሚን ኤ ዓይነት) የሚጠቀሙ ሰዎች የፊት ፀጉር በሰም ከመነቀላቸው በፊት ቀደም ብለው ማቆም አለባቸው፤ አለዚያ ቆዳው ከፀጉሩ ጋር ይላጣል። የወጣው ቡግር አይፈነዳም፤ ያልተነካ እብጠት ይሸፈናል፣ የተላጠ ቁስል ግን ምንም ነገር አይዝም። ሽፍታው ፊትን በሙሉ ከያዘ ወይም እብጠት ካለው የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው እንጂ ወፍራም ፋውንዴሽን መፈለግ አይደለም።

ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ችግሮች የሚያዙት በሙከራ ቀን ነው። ሙከራው ከሠርጉ አንድ ወር ያህል ቀድሞ፣ ከቀሚሱ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ልብስ ተለብሶ ይደረግ፤ ከዚያም ሙሽራዋ ሳትታጠብ ቢያንስ 8 ሰዓት ትቆይበት። ወንበሩ ላይ ሆና ማማሯ የሚነግረን ጥቂት ነው።

በዕለቱ ወዝ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ወዝ መምጠጫ ወረቀት ወይም ከሶፍት የተነጠለ አንድ ገጽ ተጭኖ ወዙን ይውሰድ፤ ቀጥሎ የተሰበሰበው ቦታ በደረቅ ስፖንጅ ይስተካከል፤ ፓውደር የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ።