በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የአመጋገብ ችግር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ራስን ምግብ መንሳት (አኖሬክሲያ)፣ ከልክ በላይ በልቶ ማስመለስ (ቡሊሚያ) ወይም ማቆም እስኪያቅት መብላት በእርግዝና ጊዜ መሸሸጊያ አያጣም። ማስመለሱ በጽንሱ ይሳበባል፤ ከገበታ መሸሹ በማቅለሽለሽ፤ አብዝቶ መብላቱ ደግሞ በአምሮት። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚበቅሉት ከዚሁ ሰበብ ሥር ነው።

«ካረገዝኩ ይተወኛል» ብሎ መዘናጋት

ብዙ ሴቶች በእርግዝናቸው ወራት በእርግጥ ሻል ይላቸዋል፤ ለራሳቸው ያልበሉትን ለልጁ ሲሉ ይበላሉ። ከወሊድ በኋላ ግን ችግሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እንቅልፍ የለም፣ ሰውነት ተለውጧል፣ ሲያስበላ የነበረው ምክንያትም ተወልዷል። ስለዚህ ዕቅዱ መውጣት ያለበት ቀደም ብሎ፣ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ወር ላይ ነው። ማን ዘንድ እንደሚሄዱ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ (ስድስተኛው ሳምንት ድረስ መጠበቅ ይረዝማል)፣ ችግሩ ሲያገረሽ እርስዎ ላይ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ምን እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። ለአንዷ ቁርስ መዝለል ነው፣ ለሌላዋ በቀን ሦስቴ ሚዛን ላይ መውጣት።

ለአዋላጇ አለመናገር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ትፈርድብኛለች» የሚለው ፍርሃት አፍ ያስይዛል፤ ያልሰማች አዋላጅ ደግሞ የምታየው መደበኛ እርግዝና ብቻ ነው። ካወቀች የደም ማነስንና የፖታሲየምን (ለልብና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልግ ማዕድን) መጠን በደም ምርመራ ታስመረምራለች፣ የጽንሱን ዕድገት በአልትራሳውንድ በቅርብ ታስከታትላለች፤ ምክንያቱም በቂ ያልበላች እናት ልጇ ያለጊዜው ወይም አነስተኛ ክብደት ይዞ የመወለዱ ዕድል ይጨምራል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ከዚህ በፊት የአመጋገብ ችግር ነበረብኝ፤ ስመዘን ቁጥሩን ማየትም መስማትም አልፈልግም» ማለት ይበቃል። ያኔ ጀርባዎን ለሚዛኑ ሰጥተው ይቆማሉ፣ ባለሙያዋም ድምፅ ሳታሰማ ትመዘግባለች። ካርዱ በእጅዎ የሚሰጥ ከሆነ ቁጥሩ ለብቻ እንዲያዝ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

ችግሩ እንዳለብዎ እርግጠኛ ካልሆኑ አምስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ሆድዎ ከመጠን በላይ ሲሞላ ሆን ብለው ያስመልሳሉ? የሚበሉትን መጠን መቆጣጠር እንዳቃተዎት ይጨነቃሉ? በሦስት ወር ውስጥ ከ6 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል? ሰው «ቀጭን ነሽ» ሲልዎ ራስዎን ወፍራም አድርገው ያያሉ? ሕይወትዎን ምግብ ተቆጣጥሮታል? ሁለቱ እንኳ «አዎ» ከሆኑ ባለሙያ ማየት ይገባል። በእርግዝና ጊዜ የክብደቱ ጥያቄ አሳሳች ስለሆነ፣ እሱ «አይ» ስለሆነ ብቻ አይጽናኑ።

ሚዛኑን ዳኛ ማድረግ

ከእርግዝና በፊት ክብደቷ ከቁመቷ ጋር የተመጣጠነ ሴት በዘጠኙ ወር ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ጤናማ ነው፤ ከስታ የጀመረች ደግሞ ከ12.5 እስከ 18። ይህ ሁሉ ስብ አይደለም። ልጁ ወደ 3.5 ኪሎ፣ የእንግዴ ልጁ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ የሽርት ውሃው አንድ ኪሎ ገደማ፣ ማሕፀኑም እንዲሁ አንድ ኪሎ ገደማ፣ የጨመረው ደም ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጡትና በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ አለ። የቀረው ለምጥና ለማጥባት የተቀመጠ ስንቅ ነው። በሌላ በኩል፣ ክብደቷ በእነዚህ ቁጥሮች ልክ እየሄደ በየቀኑ የምታስመልስ ሴት አለች፤ ቡሊሚያ ሰውን ማክሳቱ ግድ አይደለም።

«ለሁለት ብዪ» እና ተቃራኒው

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ካሎሪ እምብዛም አያስፈልግም። በሁለተኛው ሦስት ወር በቀን ወደ 340፣ በመጨረሻው ወደ 450 ይጨመራል። ይህን ያልነው «እጥፍ» የሚባለው ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነው። ካሎሪ መቁጠር የሕመሙ አካል ለሆነባት ሴት ግን ቁጥሩን እንድትተወው እንመክራለን፤ የሚሻላት ሰዓት መያዝ ነው። ሦስት ገበታ፣ በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ ያለ ምግብ ከአራት ሰዓት በላይ አለመቆየት። ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰው ማታ ላይ ራሱን መግታት ያቅተዋል፤ ከዚያ ጸጸት፣ ከዚያ ማስመለስ ይከተላል።

ማስመለስን ሁሉ የእርግዝና ነው ማለት

የእርግዝና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠነኛው ሳምንት በፊት ይጀምራል፣ በ16ኛውና በ20ኛው መካከል ይቀላል። ዘግይቶ የጀመረ ወይም ምግብ በተበላ ቁጥር መታጠቢያ ቤት የሚያስገባ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ካስመለሱ በኋላ ጥርስ ወዲያው አይቦረሽም፤ በአሲድ የለሰለሰው የጥርስ ሽፋን ይፋቃል። በአንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይጉመጥመጡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አያከሳም፤ ምግቡ አብዛኛው አስቀድሞ በቀጭኑ አንጀት ተመጥጧል፣ የሚወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው። ልብ ያለ ሥርዓት መምታት፣ ራስን መሳት ወይም የጡንቻ መዛል ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ከወለዱ በኋላ ለድሮው ሱሪ መቸኮል

ማሕፀን ወደ ቦታው ለመመለስ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል፤ እስከዚያ ሆድ እርጉዝ መምሰሉ ያለ ነው። ማጥባት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ይፈጃል፤ እናትየው ብትራብም ወተቱ ቶሎ አይቋረጥም፣ ዕዳውን የምትከፍለው በራሷ አካል ነው። የወር አበባ ስላልመጣ ማርገዝ አይቻልም ማለትም ስህተት ነው፤ እንቁላል የሚወጣው ከደሙ በፊት ነው።

መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ

ለቡሊሚያ ወይም ለድብርት የታዘዘን መድኃኒት እርግዝናው እንደታወቀ በድንገት መተው ሕመሙን ሊያገረሸው ይችላል። ልቀጥል ወይስ ልቀይር የሚለው ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው።

የቤተሰብ ስህተት

«ወፈርሽ» እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል። «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ግን የባሰ ነው፤ ያልበላችበትን ምክንያት ይሸልማል። ለረጅም ጊዜ የተራበችን ሴት ባንድ ጊዜ አጥግቦ ማብላትም አደገኛ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባለው ማዕድን በድንገት ወርዶ ልብን ሊያውክ ስለሚችል፣ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይጨመር። የሚረዳው ሕፃኑን ተቀብሎ እሷ ቁጭ ብላ እንድትበላ ማድረግ፣ ከበላች በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ስለሌላ ነገር እያወሩ አብሮ መቀመጥ ነው፤ የማስመለስ ግፊቱ የሚበረታው ያኔ ነውና።