የጉበት ቫይረስ መድኃኒት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። የጉበት ቫይረስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከሚነግሩኝ ሁሉ የሚያስደነግጠኝ አንድ ቃል ነው፦ «አልተስማማኝም፣ ተውኩት።» ብዙ ጊዜ ያልተስማማው መድኃኒቱ ሳይሆን አወሳሰዱ ወይም ከጎኑ የተጨመረ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ቅሬታዎቹን ሰዎች በሚነግሩኝ ቃል አንድ በአንድ ላንሳ።

በመጀመሪያ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስም ይዩ። ለቢ የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ቴኖፎቪር 300 ሚሊግራም ነው፤ አንዳንዱ ኢንቴካቪር ይታዘዝለታል። ለሲ (ሄፓታይተስ ሲ) ደግሞ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከሌላ አጋር መድኃኒት ጋር ይሰጣል። መፍትሔው እንደ መድኃኒቱ ይለያያል።

«ከዋጥኩት በኋላ ያቅለሸልሸኛል»

ቴኖፎቪር በጀመሩ ሰሞን ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መንፋት፣ ተቅማጥና ራስ ማዞር ሊያመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ጠዋት በባዶ ሆድ በቡና የሚውጡት ከሆነ ከእራት ጋር ያድርጉት። ውጠው 1 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰዎት ሌላ አንድ ፍሬ ይውሰዱ። ከዚያ በኋላ ካስመለሰዎት ግን መድገም አያስፈልግም።

ኢንቴካቪር በዚህ በኩል ተቃራኒ ነው። ምግብ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ስለሚቀንሰው ከበሉ 2 ሰዓት ቆይተው፣ ከሚቀጥለው ምግብም 2 ሰዓት ቀድመው ይውሰዱት። በረመዳን ብዙዎች በዚህ ይቸገራሉ፤ ከአፍጥር 2 ሰዓት አሳልፎ፣ ከዚያ እስከ ሱሁር ምንም ሳይበሉ መዋጥ ይቻላል። ቴኖፎቪር የሚወስድ ሰው ግን በአፍጥር ላይ መውሰድ ይችላል። በቀን አንዴ ብቻ ስለሆነ ጾሙ መድኃኒቱን አያስተጓጉልም።

«ተሽሎኝ ተውኩት፤ አሁን ዓይኔ ቢጫ ሆነ»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሰውየው ለዓመት ያህል ደህና ይከርማል፣ ጉልበቱ ይመለሳል፣ «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሽንቱ የተቀቀለ ሻይ ይመስላል፣ ዓይኑ ይቢጫል፣ ምግብ ይጠላል።

ምክንያቱን ቡና ያለው ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ይወድቃል፣ ሥሩ ግን አፈር ውስጥ አለ፤ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። የቢ ቫይረስም የዘር ቅጂውን በጉበት ሕዋስ አስኳል ውስጥ ይቀብራል። ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር እዚያ ድረስ አይደርሱም። የሚሠሩት ቫይረሱ በሚባዛበት ቦታ ነው፦ አዲስ ዘር ሲገጣጠም የሐሰት ፊደል ሆነው ይገቡና ሰንሰለቱ እዚያው ይቆረጣል። በየቀኑ ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፣ ጉበቱም ያርፋል። ሲቆሙ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ የሰውነት መከላከያም የተያዙትን የጉበት ሕዋሳት በኃይል ያጠቃል። ጉበቱ ጠባሳ የያዘ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል።

መፍትሔው፦ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ መቼ እንዳቆሙም ሳይደብቁ ይናገሩ። የተረፈችውን ፍሬ ውጦ ቤት መጠበቅ አይበቃም፤ የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ ከረሱ ግን አይደንግጡ፦ ከሰዓቱ 12 ሰዓት ካላለፈ ይውሰዱት፤ ካለፈ ይዝለሉትና በሚቀጥለው ሰዓት አንድ ብቻ ይውሰዱ። ሁለት አይደርቡ።

«የኤችአይቪ መድኃኒት ነው የሰጡኝ»

አንድ አባት ከመሐረባቸው ቋጠሮ ውስጥ ክኒኖች አውጥተው አሳዩኝ። ጠርዛቸው ተፈርፍሯል፣ ወዝተው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ብልቃጡን ጎረቤት አይቶ ስሙን እንዳያነብ ጥለውት ነው። በጅማ ክረምት፣ ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ በሚረጥብበት፣ መድኃኒት መሐረብ ውስጥ አይቆይም።

ቴኖፎቪር ለሁለቱም በሽታ መዋሉ እውነት ነው። ሁለቱ ቫይረሶች ዘራቸውን የሚገለብጡበት መሣሪያ ስለሚመሳሰል አንዱ መድኃኒት ሁለቱንም ያግዳል። ኤችአይቪ አለብዎ ማለት ግን አይደለም። ከመጀመርዎ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርን ብቻውን ከወሰደ ኤችአይቪው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ስሙ ካስጨነቀዎት ወረቀቱን ይላጡት፣ ብልቃጡንና እርጥበት የምትመጠውን ትንሿን ከረጢት ግን አይጣሉ።

«ወገቤን አመመኝ፣ ኩላሊቴን ነካው መሰለኝ»

ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ቴኖፎቪር በጥቂት ሰዎች ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ የአጥንትን ጥንካሬም ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው ወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ነው። ጉዳቱን የሚያባብሰው ለዚያ ሕመም ተብሎ በየቀኑ የሚዋጠው ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው፤ ከቴኖፎቪር ጋር ሲደራረቡ ኩላሊቱ ይጨነቃል።

ማስታገሻ ሲገዙ የጉበት መድኃኒት እንደሚወስዱ ይናገሩ። የክሪያቲኒን ምርመራ (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ከመጀመርዎ በፊትና በየቀጠሮው ይደረግልዎ፣ ስኳርና ደም ግፊት ካለብዎ በተለይ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሐኪሙ የሚወስዱበትን ቀን ያራርቀዋል ወይም መድኃኒቱን ይለውጠዋል።

«ይህን ሁሉ ወስጄ አሁንም ፖዘቲቭ ነኝ»

በቢ ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ሥሩ አለና። ሕክምናው መሥራቱን የሚናገሩት ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) እና የጉበት ኢንዛይም ናቸው። ሲ ግን ይድናል፤ በትክክል ከተወሰደ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናሉ፣ ብዙ ጊዜ በ12 ሳምንት። ሆኖም የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው የሰውነትን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ ከዳኑም በኋላ ፖዘቲቭ ይላል። መዳንዎን የሚያረጋግጠው ሕክምናውን ከጨረሱ ከ12 ሳምንት በኋላ የሚሠራ የቫይረሱ የዘር ምርመራ ነው።

«የሲ መድኃኒት ጀምሬ ደከመኝ፣ ራሴን ያመኛል»

ይህ በብዙዎች ላይ ቀላልና አላፊ ነው፤ ውኃ ይጠጡ፣ ይረፉ። ሪባቫይሪን ተጨምሮልዎ ከሆነ ግን ትንፋሽ ማጠርና መገርጣት ቀይ የደም ሕዋሳት መፍረሳቸውን ሊያሳይ ስለሚችል ቶሎ ደም ይመርመሩ። ሪባቫይሪን ፅንስን ስለሚጎዳ ለባልም ለሚስትም እርግዝና መከላከል ግዴታ ነው። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሲን መድኃኒት ኃይል ስለሚቀንሱ ከመጀመርዎ በፊት ይንገሩ። ለቢም መመርመር አለብዎ፤ ሲ ሲጠፋ የተኛው ቢ ሊነሳ ይችላል።

«ለወፍ በሽታ ሥር ጠጣሁ፣ ባሰብኝ»

ሥሩ ምን እንደሆነና መጠኑ አይታወቅም፤ የታመመ ጉበት ደግሞ ያንን ማጣራት ይሳነዋል። ያቁሙት፣ ለሐኪሙም ይንገሩ፤ የሚቆጣ ካለ እንኳ ከመደበቅ ይሻላል። ጫትም ጉበት ሊጎዳ እንደሚችል በሕክምና ታይቷል፤ በዚያ ላይ በርጫ ላይ የዋለ ሰው እራቱንም ክኒኑንም ይረሳል። አልኮል ፈጽሞ ይቅር። ቡናን ግን ተዉ የሚሉትን አልስማማም፤ ጥናቶች ቡና ከሚጠጡ ሰዎች ጋር ያያያዙት የጉበት ጠባሳ መቀነስን ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የሆድ ማበጥ፣ መቃዠት ወይም ቀን መተኛትና ሌሊት መንቃት፣ እንዲሁም ከከባድ የሆድ ሕመምና ትውከት ጋር የሚመጣ ፈጣን ትንፋሽ። እነዚህ ከታዩ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይውሰዷቸው። አስታማሚው የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዞ ይሂድ፤ ተረኛው ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ሲወስዱ እንደነበረ ነው።