ጥርስን ለማሳመር ከየት ይጀመራል?

ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰዎችን ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ አያለሁ። የአክስቴ ልጅ አንዷ ነበረች። ሠርግ ቤት ፎቶ አንሺው "ፈገግ በሉ" ሲል ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ከፍ ታደርጋለች። ጥርሷን ልታሠራ ስትነሳ ከሐኪም ሐኪም አብሬያት ዞርኩ። ያኔ ያየሁትንና የጠየቅኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ከትንሹ ጀምሩ። ጤነኛ ጥርስ አንዴ ከተሞረደ አይመለስም።

1. በቀን ብርሃን እዩት

ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር መስታወት ይዛችሁ በረንዳ ላይ ውጡ። የቤት አምፖል ያታልላል። ከንፈራችሁን በጣት ገለጥ አድርጉና ድዱንም እዩ። ጠቆር ያለ ድድ ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ቀለም ነው፣ አያስጨንቃችሁ። ያበጠና ስትቦርሹ የሚደማ ከሆነ ግን ከውበቱ በፊት እሱ ይታከም።

ከዚያ ያስከፋችሁን ነገር ለዩ። ቀለሙ ነው? ቅርጹ ነው፣ ማለትም የተሸረፈ ወይም ያጠረ ጥርስ አለ? ወይስ አቀማመጡ? የየራሳቸው ሕክምና አላቸው።

ፍንጭትን ግን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ ያየችውን የፈረንጅ ፈገግታ ይዛ "ይሄን ክፍተት ድፈኑልኝ" ልትል ነበር። አክስቴ ሰማች። "አንቺ ልጅ፣ ውበትሽን ልታስደፍኚ ነው?" አለቻት። ፍንጭቱ ቀረ። ደግ አደረገች እላለሁ።

2. ቀለሙ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ሳይለይ ነው።

ከላይ የሚለጠፍ ቀለም አለ። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራ፣ ጫት። እኛ አካባቢ ጫቱን ሳያነሱ ስለ ጥርስ ማውራት አይቻልም። በርጫ ላይ ቅጠሉ በአንድ ጉንጭ ተወጥሮ ለሰዓታት ይቆያል። ለዓመታት የቃመ ሰው አፉን ሲከፍት የትኛው ጉንጩ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል፤ በዚያ በኩል ጥርሱ ይጠቁራል፣ ድዱም ይሸሻል። አፍም ይደርቃል። ምራቅ የጥርስ ጠባቂ ነው፤ እሱ ሲቀንስ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሲጨመርበት ጥርሱ መቦርቦር ይጀምራል። ቀለሙን ማስለቀቅ ይቻላል፤ ትልቁ ጉዳት መቦርቦሩና የድዱ መሸሽ ነው።

ከውስጥ የሚመጣ ቀለምም አለ። ከመተሐራ ወይም ከወንጂ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ጥርሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አይታችሁ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ሊበላሽ ይችላል። ይህ ቆሻሻ አይደለም። ሰውየውን "አትቦርሽም እንዴ?" ማለት ግፍ ነው።

ከሌሎቹ ተለይቶ አንድ ጥርስ ብቻ ከጠቆረ ደግሞ ምናልባት ድሮ በመውደቅ ወይም በመመታት ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ራጅ ያስፈልጋል።

3. መጀመሪያ ታጠቡ

ጥርስ ማሳጠብ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ለብዙ ሰው ይኸው ብቻ ይበቃዋል። ሐኪሙ እየተንቀጠቀጠ ውሃ በሚረጭ ቀጭን መሣሪያ በጥርስና በድድ መሀል የደነደነውን ቆሻሻ፣ የጥርስ ድንጋይ የሚባለውን፣ እየፈረፈረ ያወጣል። ድምፁ ቀጭን ጩኸት ነው፣ ጥርስ ያሳክካል፣ ትንሽ ደምም ሊኖር ይችላል። ሲያልቅ ምላሳችሁን ከታች ጥርሶች ጀርባ አሳልፉት፤ ልስላሴው ያስገርማችኋል።

"ሐኪሙ ጥርሴን አሳሳው፣ አላላው" የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ክፍተቱ የተሰማችሁ ቦታውን ሞልቶት የነበረው ድንጋይ ስለወጣ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ካለም በዚህ ጊዜ ይታከም።

4. ማንጣት

ከታጠበ በኋላም ቀለሙ ካልተዋጠላችሁ ማንጣት አለ። የፐርኦክሳይድ ጄል ነው ሥራውን የሚሠራው። ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ወይም በጥርሳችሁ ልክ በተሠራ ስስ ፕላስቲክ እቤት ለሁለት ሳምንት ገደማ ይደረጋል። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ሊጠዘጥዛችሁ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ቡናና ሻይ ይቅርባችሁ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት እና ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይቆዩ።

የሚነጣው የተፈጥሮ ጥርስ ብቻ ነው። ሙሌትና የተሠራ ጥርስ ቀለሙን አይቀይርም። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንጡ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ሙሌቱ በአዲሱ ቀለም ይሠራ።

ሎሚ በጨው፣ የከሰል ዱቄት፣ ቤኪንግ ሶዳ አትሞክሩ። የአክስቴ ልጅ ሎሚውን ለሳምንት ፈትጋበት ነበር። በድሬ ሙቀት ከፍሪጅ የወጣ ውሃ መጠጣት አቅቷት ብርጭቆውን ይዛ ስትጠብቅ አይቻታለሁ። ሎሚው የበላው የላይኛው ሽፋን ተመልሶ አይበቅልም።

5. ቅርጽና አቀማመጥ

የተሸረፈ ጫፍ በኮምፖዚት፣ ማለትም የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት ይሞላል። የአክስቴን ልጅ የፊት ጥርስ ሐኪሙ ሲሠራ ትንንሽ የቀለም ናሙናዎችን መስኮት አጠገብ ከጥርሷ ጋር አስተያየ፤ በብዛት የሚጠቀሙበት ናሙና 16 ቀለም አለው። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እየቀባ በሰማያዊ መብራት አደረቀው። በአንድ ቀጠሮ አለቀ፣ ጤነኛው ጥርስ ብዙም አልተነካ።

ቬኒር የሚባለው እንደ ጥፍር የሳሳ የሸክላ ሽፋን ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥርሱ ፊት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይሞረዳል። ከ10 እስከ 15 ዓመት አገልግሎ ይቀየራል፤ በ20 ዓመቱ ያስገባ ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደሚቀይር አስቡት። ነጠብጣቡ ለጠነከረ የፍሎራይድ ጥርስ ጥሩ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለተደራረበ ጥርስ ግን ብሬስ፣ ማለትም ጥርስን የሚያስተካክለው ሽቦ ይሻላል። ከአንድ ዓመት በላይ መታገስ ይጠይቃል፣ ሲወጣም ጥርሱን በቦታው የሚይዘው ማቆያ ካልተደረገ ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል።

ወንበሩ ላይ ከመጋደማችሁ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "ከጥርሴ ምን ያህል ይሞረዳል? ሳይሞረድ የሚሠራበት መንገድ የለም?" በቅጡ የማይመልስላችሁ ካለ ተነሱና ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

6. እንዲቆይ

ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቦርሹ፤ ፍሎራይድ የሚጎዳው በውሃ ውስጥ ሲበዛ ነው እንጂ በልኩ ለጥርስ ይጠቅማል። ማታውን አትዝለሉ። አረፋውን ትፉት እንጂ ወዲያው በውሃ አትጉመጥመጡ። የወይራ መፋቂያ የለመደ ሰው ይቀጥል፤ ጫፉን አኝኮ ያለስልሰው፣ ድዱን አይጋጠው። የሚቅም ሰው ስኳሩንና ለስላሳውን በንጹሕ ውሃ ይተካ፣ ጉንጩን ያለዋውጥ፣ ሲጨርስ ተጉመጥምጦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይቦርሽ። ለእጥበቱ ደግሞ በስድስት ወር ተመለሱ።