የስቲቪ ሬይ ቮንን ድምፅ ጅማ ላይ ሳሳድድ

ጊታሬ የስትራቶካስተር (የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር) ቅጂ ነው። ፔዳሌ (በእግር የሚረገጠው ድምፅ ማሻከሪያ) ቲዩብ ስክሪመር ነው። አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ቮን ከተጠቀመባቸው ዓይነት ናቸው። ድምፁ ግን ቀጭንና የሚንጫጫ ሆኖ አስቸገረኝ። አሁን ስለተስተካከለ ልጻፈው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ፔዳሉ ነው። ድራይቩን (የሻካራነቱን መጠን) ወደ ታች፣ ሌቭሉን (የድምፁን ኃይል) ወደ ላይ አደረግኩት። ይህ ፔዳል ባሱን ቀንሶ በ720 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መካከለኛ ድምፅ ያጎላል። ሻካራነቱ ከአምፕሊፋየሩ ይምጣ፤ ፔዳሉ ገፋ ያድርገው እንጂ ሁሉን አይሥራ። ፒክአፑም (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ማግኔት) አንገቱ ጋ ያለው ይሁን።

ቀጥሎ ክሩ። ቮን 013 ይጭን ነበር፤ ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት በኢንች ሺህኛ ነው። እኔ 011 አስገባሁ፤ ጣቶቼን እወዳቸዋለኋ! እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ ብጠይቅ ስላጣሁ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ቮን ያደርግ እንደነበረው ሁሉንም ክር በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ቃኘሁ። ያኔ ወፍራሙ ክር ለጣት ቀለል ይላል።

ችግሩ፣ ወፍራም ክር ሲገባ ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ተነሳ። የጀርባውን ክዳን ፈታሁ። ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ትንሽ አጠብቃለሁ፣ እቃኛለሁ፣ አያለሁ፤ ደግሞ አጠብቃለሁ። ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ግን ብሪጁ ተኛ።

የቀረው ከመብራት መስመር የሚመጣው ጉምጉምታ ነው። ነጠላ የሽቦ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ጠባዩ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ራቅ ብዬ አቅጣጫዬን ስቀይር በጣም ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም፤ ትቼዋለሁ።