«ብሉም» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

አማርኛ በአበባ ጉዳይ ቆጣቢ ነው። አበባ፣ አበበ፣ አበበች፣ ያበበ። አንድ ሥር ይዘን ሁሉን እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ግን «ፍላወር»፣ «ብሉም» እና «ብሎሰም» ብሎ ሦስት ቃል ይደረድርልናል። መዝገበ ቃላት ብንከፍት ሦስቱም ጋ «አበባ፣ ማበብ» የሚል ነው የምናገኘው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ሥራ በያዝኩ ሰሞን ለአንድ የውጭ ደንበኛ ኢሜይል ስጽፍ፣ ገበያው ደርቷል ለማለት «ቢዝነስ ኢዝ ብሉሚንግ» አልኩት። ሰውየው «አበባ መሸጥ ጀመራችሁ እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። እኛ የምንሸጠው የፕሪንተር ቀለም ነው። ለደራ ገበያ የሚባለው «ቡሚንግ» ነው፤ «ኤል» የለበትም። አንዲት ፊደል ናት ያዋረደችኝ። ንግዱ አምሮበት እያደገ ነው ለማለት ደግሞ «ፍለሪሽ» የሚል ቃል አለ። እሱ ከላቲኑ የአበባ ቃል የተወለደ ስለሆነ፣ ማበብን ለንግድ ማዋል ለሚወድ ሰው ይሄኛው ይሻለዋል።

ሌላው ስህተት ሰዋስው ላይ ነው። እኛ «አደዩ ፈክቷል» እንላለን። ይህን ቃል በቃል ስንወስደው «ዘ ፍላወር ኢዝ ብሉምድ» ይሆንብናል። እንዲህ አይባልም። ወይ «ሃዝ ብሉምድ» ነው፣ ወይ «ኢዝ ኢን ብሉም» ነው። «ኦን ብሉም» ወይም «አት ብሉም» የሚሉም ሰምቻለሁ፤ ትክክሉ «ኢን» ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው ማስደረጊያው ነው። በአማርኛ ፈካ ካልን አፈካ ለማለት አንድ «አ» ትበቃናለች፤ «ዝናቡ አበባውን አፈካው»። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ሬይን ብሉምድ ዘ ፍላወርስ» አይባልም። አበባው ራሱ ነው የሚያብበው። ዝናቡን ለማመስገን «ሜድ ዘ ፍላወርስ ብሉም» ብሎ መዞር ያስፈልጋል።

ኩሽና ውስጥ ግን ይህ ሕግ ይፈርሳል። የእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር ላይ «ብሉም ዘ ስፓይስስ» የሚል ካያችሁ፣ ቅመሙን ትኩስ ዘይት ወይም ቅቤ ውስጥ ጨምራችሁ ሽታውን አውጡት ማለቱ ነው። እናቶቻችን በርበሬ ሲያቁላሉ የሚያደርጉት ማለት ነው። እርሾን ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ አረፋ እስኪያወጣ መጠበቅም «ብሉም» ይባላል። «ቅመሙን አሳብቡት» ብሎ የተረጎመ ሰው አይቼ ስቄያለሁ። ቅመም ምን ብሎ ያሳብባል?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ብሉም» እና «ብሎሰም» ብዙ ጊዜ አንድ ይመስላሉ፣ አንዳንዴም ይተካካሉ። ነገር ግን «ብሎሰም» ልቡ ያለው ዛፍ ላይ ነው፤ በተለይ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ላይ። የፖም፣ የኮክ፣ የብርቱካን አበባ «ብሎሰም» ነው። አንዲት ጽጌረዳ ይዞ «ብሎሰም» ማለት ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጆሮ አይጥምም።

ይህን ከዋሽንግተን ዲሲ በላይ የሚያሳይ ቦታ የለም። በ1912 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ከተማ 3,020 የቼሪ ዛፎች በስጦታ ላከ። ዛሬ በየዓመቱ መጋቢት ላይ የአካባቢው ሐበሻ ሳይቀር ልጆቹን ይዞ ዛፎቹ ባሉበት ታይዳል ቤዝን በሚባለው የውሃ ዳር ፎቶ ይነሣል። የበዓሉ ስም «ቼሪ ብሎሰም ፌስቲቫል» ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ቀን ግን «ፒክ ብሉም» ይባላል። ትርጉሙም ተቆርጦ ተቀምጧል፤ ዮሺኖ ከሚባሉት ዛፎች አበባ 70 በመቶው የተከፈተበት ቀን ነው። ልብ በሉ፤ ዛፉ ላይ ያለው አበባ «ብሎሰም»፣ የመፍካቱ ሁኔታና ሰዓቱ «ብሉም»። «ፒክ ብሎሰም» ብትሉ ሰው ይረዳችኋል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ያኛው ነው።

የእኛን ቡና እንውሰድ። ዝናብ ሲመታው ነጭ አበባ ያወጣል፣ ሽታው ጃስሚን ጃስሚን ይላል፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ይጠወልጋል። ቡና ከሚበቅልበት አገር የመጣ ሰው ያንን ሽታ አይረሳውም። ይህ «ኮፊ ብሎሰም» ነው። «ኮፊ ብሉም» ስትሉ ግን ባሪስታው የሚገባው ሌላ ነው። አዲስ የተቆላና የተፈጨ ቡና ላይ ትንሽ ፍል ውሃ ሲፈስበት ያብጣል፣ አረፋ ያወጣል፤ ሲቆላ ውስጡ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። አንድ የቡና ማሸጊያ ላይ «የማበቢያ ጊዜ 30 ሰከንድ» የሚል አማርኛ አንብቤያለሁ። የቡናን ዛፍ በ30 ሰከንድ የሚያሳብብ አገር ቢኖር እኔም እሄድ ነበር።

ሳይንስ ላይ ያለው ስህተት ቀልድ አይደለም። ሐይቅ ውስጥ ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣ ንጥረ ነገር ሲበዛ አልጌ የሚባለው የውሃ ውስጥ ፍጥረት በድንገት ይራባና ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። እንግሊዝኛው «ብሉም» ይለዋል፤ ተርጓሚው «የአልጌ አበባ» ብሎ ይጽፋል። አልጌ አበባ የለውም። «ውሃውን አልጌ ወረረው» ቢባል አንባቢ ይደነግጣል፣ መደንገጡም ተገቢ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ከብትም ሰውም ይመርዛል።

ቸኮላት ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም «ብሉም» ነው። ሻጋታ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ። ሙቀት ወይም እርጥበት ሲያገኘው ስቡ ወይም ስኳሩ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ይበላል። የወይን ፍሬ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ የሚመስል ሰምም ይኸው ስም አለው።

ለሰው ስንጠቀምበት ደግሞ «ብሎሰም» ይቀናዋል፤ «ሺ ብሎሰምድ ኢንቱ ኤ ራይተር»። «ሌት ብሉመር» ከተባላችሁ አትቀየሙ፣ ዘግይቶ የጎመራ ማለት ነው። «ብሉመርስ» ግን ሰፊ የሴት ሱሪ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1850ዎቹ ይህን አለባበስ ስትከራከርለት ከነበረችው አሜሪካዊት አሜሊያ ብሉመር ነው። እንግሊዞች «ብሉሚንግ ኮልድ» ሲሉም አበባ የለበትም፣ ብርዱን እየረገሙት ነው። «ፍላወሪ» የሚለውም ያሳስታል። ጥሩ ተናጋሪን ላመስግን ብላችሁ ንግግሩን «ፍላወሪ» ካላችሁት፣ ቃል አበዛህ፣ አሽሞነሞንከው ማለታችሁ ነው።

የመጨረሻው ስህተት በገዛ ስማችን ላይ ነው። ፈረንጅ «አበበ ምን ማለት ነው?» ሲል፣ አብዛኞቻችን «ፍላወር» ብለን እንገላገላለን። ፍላወር አበባ ናት። አበበ ግስ ነው፤ ያውም ያለቀለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ «ሂ ብሉምድ»። አበበችም «ሺ ብሉምድ» ናት። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ስሙ ውስጥ ባለቤትም ድርጊትም ነበረው። ይህን ለአንድ አበበ ለሚባል ወዳጄ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። በማግስቱ አዲስ የሥራ ባልደረባ ስሙን ሲጠይቀው አጠገቡ ነበርኩ። «ፍላወር» አለው። ምነው ስለው፣ «ባክህ ያጥራል» አለኝ።