የሃይማኖት አባት ወደ ግቢ ጋብዞ ገለጻ ማዘጋጀት

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ሼህ ወይም የቤተ ክርስቲያን መምህር ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲጋበዙ ከሁሉ በፊት ርዕሱን አጥብቡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ይሁን ይላል። ስለዚህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስብከትም ዳዕዋም አይሆንም፤ ስለ እምነቱ ማስረዳት ግን ይቻላል። «ሰላምና ፍቅር» ብላችሁ ከጠራችኋቸው ወደ ለመዱት ስብከት ይገባሉ፤ ጥፋቱም የእሳቸው አይደለም። «መንዙማ በጀማ ንጉሥ» (በወሎ ያለው የእስልምና ማዕከል) ወይም «የሐይቅ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍት» ብትሉ የሚያውቁትን ዘርዝረው ይነግሯችኋል፤ የሌላ እምነት ተማሪም ተረጋግቶ ያዳምጣል።

የፈቃድ ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በፊት ይግባ፤ ርዕስ፣ ቀን፣ ሰዓትና የተጋባዡ ሙሉ ስም ይኑረው። ተጋባዡን በሀገረ ስብከቱ ወይም በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ በኩል ጥሩ። የእንግዶቹን ስምና የመኪናውን ታርጋ ከዋዜማው ለበር ጥበቃ ስጡ፤ አለዚያ ትልቅ ሰው በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ይቆማሉ፤ ይህ ደግሞ ነውር ነው።

ሐሙስ ከ10፡15 እስከ 11፡45 ጥሩ ሰዓት ነው፤ የዐስር ሶላት ተሰግዶ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ያልቃል። ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፤ ቅዳሜ ለአድቬንቲስት ተማሪዎች ሰንበት ነው። በረመዳን ይህን ሰዓት ተዉት፣ ተማሪው ለማፍጠር ይጣደፋል።

ለገለጻው 40 ደቂቃ፣ ለጥያቄ 35 ደቂቃ ይበቃል። ነገር የሚበላሸው በጥያቄው ሰዓት ነው። ማይክ ለጠያቂው ከሰጣችሁ ጥያቄው ክርክር ይሆናል፤ ጓደኞቹም ያጨበጭቡለታል። ጥያቄ የሚጻፍበት ብጣሽ ወረቀት አድሉና እምነታቸው የተለያየ ሁለት ተማሪዎች ይሰብስቡት። «የእኛ ነው ትክክል የእነሱ?» የሚል ከመጣ መድረክ መሪው «በእርስዎ እምነት ይህ እንዴት ይታያል?» ብሎ ያንብበው። ገና ሲጀመር ጭብጨባ ብቻ እንደሚፈቀድ ይናገር፤ ከአንድ ወገን እልልታ ወይም ተክቢር ከተነሳ አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል፣ መመለሻም የለውም።

ለመስተንግዶ ሥጋ አይቅረብ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ነው የሚበላው። ቡና፣ ቆሎና ቅቤም ወተትም ያልነካው ዳቦ ለሁሉም ይሆናል፤ በዐቢይ ጾም ሐሙስም ጾም ነውና።

ቪዲዮ ከቀረጻችሁ ተናጋሪውን አስፈቅዳችሁ ሙሉውን ልቀቁ። ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ የወጣ 30 ሰከንድ መልሱን ከጥያቄው ይነጥለዋል፤ የሚቀጥለውን ፈቃድም ያስከለክላል።