መድኃኒት ተግቶም ለሚከሳ በግ፦ ጉበቱን ጠርጥሩ

መኖውንና ጥርሱን አይታችኋል፣ እከክም የለም እንበል። በጉ ግን ኪሎ አይጨምርም። ጠጉሩ ደርቆ ሲጎትቱት እጅ ላይ ይቀራል። የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ነጥቷል። ሲብስ መንጋጋው ስር ውሃ ይቋጥራል። ውሎው ረግረግ ዳር ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጉበት ትልን ነው።

ያደገው ትል የሐሞት ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ደም ይመጥጣል፤ አንዱ ብቻ በቀን እስከ 0.5 ሚሊ ሊትር። ከደሙ ጋር ፕሮቲን ያልቃል። ሱፍ ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ክሩ ይቀጥናል፣ በቀጠነበት ይበጠሳል። ግልገሉም ባለበት ይቀራል።

«ግተነዋል እኮ!» ይሉኛል ሁሌ። ምን? አይቨርሜክቲን። አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይነካም፣ በቃ! ሌላው አልቤንዳዞል ነው። እሱ የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። ትሉ ለማደግ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ጉበት እየቦረቦረ ያለውን አልቤንዳዞል አያገኘውም። አንዱ ባለመንጋ «አሁን ነው የጋትኳት» እያለኝ የሞተችበትን በግ ከፈትናት። ቱቦውን ስንሰነጥቀው ቅጠል የመሰለ ትል ተንጋግቶ ወጣ። የጋታት አልቤንዳዞል ነበር፣ ያውም በዓይን ግምት፣ የግልገል መጠን! ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ የከረመ፣ ጽሑፉም የተላጠ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

የበጠጥ ምርመራ ስታዘዙ በማዝቀጥ ዘዴ ይሁን በሉ። የዚህ ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ እንደሌሎቹ አይንሳፈፍም። ትሉ ገና ካላደገ ደግሞ እንቁላል የለም፤ «ነጻ ነው» ቢባል አትዘናጉ።

መፍትሄው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ የ2 ሳምንቱን ጮርቃ ትል ሳይቀር ይገድላል። በጉን መዝኑ። ጠርሙሱን በደንብ ናጡ። ከ3 ሳምንት በኋላ በጠጡን እንደገና አስመርምሩ፤ መድኃኒቱን የለመደ ትል በብዙ አገር አለና። ካልሠራ ክሎሳንቴል አለ፣ ግን መጠኑ ካለፈ በጉን ያሳውራል! ሥጋና ወተቱን መቼ መጠቀም እንደሚቻል የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ከዚያ ረግረጉን እጠሩት። ትሉ የሚራባው እዚያ ባለው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በጉን ግታችሁ እዚያው ከመለሳችሁት ገንዘባችሁን ጣላችሁ።

የተበጠሰው ሱፍ አይጠገንም፤ ደህናውን ከቀጣዩ ሽለታ ጠብቁ።

ድንገት የሚሞት ካለ ጮርቃው ትል በብዛት ጉበቱን ወግቶት፣ ወይም የቆሰለው ጉበት ላይ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ ተነሥቶበት ይሆናል። ለሁለተኛው ክትባት አለው።

የመንጋጋ ስር እብጠትን የጨጓራ ትልም ያመጣዋል።